አንድም ሰው ሐኪም ቤት አላስገባትም

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ በርበሬው ተለቅሞ ገበያው ቀይ በቀይ በሆነበት ሰሞን ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል። ያናደደኝ ሌላ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ እረሳው ነበር፤ እኔ ሰው ላይ ቂም አይበረክትልኝም። ከተናደድኩባቸው ሰዎች አንዷ እኔው ራሴ ስለሆንኩ ነው ያልወጣልኝ።

ቡታጅራ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ፤ ከጀርባዬ ባለው መደርደሪያ ላይ ደግሞ የሚከራይ መጽሐፍ አለ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት አምስተኛ ክፍል ላይ ነው። ማንበብን የተማርኩት አባቴ ሱቅ ውስጥ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው ብል ውሸት አይሆንም። ወሬው ግማሹ ላይ ተቀዶ ሲቀርብኝ ቀሪውን ከራሴ እየጨመርኩ ለእህቶቼ አወራላቸው ነበር። አመሌ ዛሬም አልለቀቀኝም። መጽሐፍ ሊከራይ የመጣ ሰው ከእኔ ጋር ሳያወራ አይሄድም።

መጽሐፍ አከራይቶ የሚያውቅ ሰው ይሄ ይገባዋል። የሚከራይ መጽሐፍ የሚያረጀው ከጫፉ ነው። መጀመሪያ ሽፋኑ ይላጣል፤ ከዚያ የመጨረሻዋ ቅጠል ትሄዳለች። አንዱ ስልክ ቁጥር ጽፎባት ይገነጥላታል፣ ሌላው ሕፃን ልጁ ይበላበታል። ስለዚህ የእኔ ደንበኞች መጽሐፍ ሲወስዱ መጀመሪያ ገልጠው የሚያዩት መጨረሻውን ነው። አለ? የለም?

በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ ልብ ወለድ አስመጣሁ። ስሙን አልጠራውም፤ ደራሲዋ ምንም አልበደለችኝም። ታሪኩ ዩኒቨርሲቲ ስለገባች አንዲት ልጅ ነው። ቀስ በቀስ አእምሮዋ ይታወክባታል። መጀመሪያ እንቅልፏ ይሄዳል፣ ከዚያ ምግብ ያስጠላታል፣ ከዚያ መስታወቱን በፎጣ ሸፍና ትቀመጣለች። መጨረሻ ላይ ብቻዋን ተነስታ ሐኪም ቤት ትሄድና በሩ ላይ ትደርሳለች። ዘበኛው «ማንን ፈልገሽ ነው?» ይላታል። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

መከራዬ የጀመረው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ኑረዲን የሚባለው ባለ ባጃጅ ነው። ባጃጁን ሳያጠፋ አንገቱን ብቻ አስገብቶ፣ «ዘይቱዬ፣ ሙድ ነው የያዝሽብኝ? ልክ ሲሞቅ ገነጠልሽው!» አለኝ።

«አልገነጠልኩም። ደራሲዋ ናት እዚያ ላይ ያቆመችው።»

«እንዴ! በሩ ላይ ገትራት ነው የሄደችው? ትደብራለች በያት በናትሽ።»

ከእሱ ቀጥሎ መምህር ጌታሁን መጡ። ከጎጃም መጥተው እዚሁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ፣ ቁም ነገረኛ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው የመጽሐፉን ጀርባ ወደ ብርሃን አዞሩት። «ወይዘሮ ዘይቱና፣ እኔ በመጽሐፍ አልታለልም። ይህን የስፌት ክር ይመልከቱ። እዚህ ጋ አንድ ቅጠል ነበረች።»

«አልነበረችም መምህር።»

«ነበረች እንጂ። ክሩ ይመሰክራል።»

እንዲህ እያልን አንድ ሳምንት አለፈ። ያነበበው ሁሉ የሚመጣው ለጠብ ነው። በመጨረሻ ስልችት ሲለኝ ከደብተር አራት ቅጠል አውጥቼ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ በኮላ ለጠፍኩ። ከላይ በትልቁ «ቅጠል ጎደለ የምትሉ፣ ቀሪውን እዚህ ጻፉና ገላግሉኝ» ብዬ ጻፍኩበት። ምሳሌ እንዲሆናቸው የመጀመሪያውን እኔው ጨረስኩት። እንዲህ ነበር የጻፍኩት፦ «ልጅቷ ከበሩ ተመለሰች። እናቷ ቤት ገብታ የቡላ ገንፎ በቅቤ ጠግባ በላች። ሦስት ቀን ተኛች። ስትነሳ ምንም አልነበረባትም።» አምሮልኛል ብዬ ሁለቴ አነበብኩት።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ አላደረም። ሰው ልብ ወለዱን ትቶ የኋላዋን ቅጠል ለማንበብ ይከራየው ጀመር። መምህር ጌታሁን በቁም ጽሕፈት ሙሉ ገጽ ሞልተው ልጅቷን ጠበል ወሰዷት፤ ስትመለስም ከክፍሏ አንደኛ አስወጧት። ኑረዲን ዱባይ ልኮ ለሸበላ ልጅ ዳራት። አንዱ ሼኽ ጠርቶ ጂኒዋን አስወጣላት። አንዱ «ሥራ መፍታት ነው፤ እኛ ጋ መጥታ በርበሬ ትቀንጥስ፣ ይለቃታል» ብሎ ጻፈ። ባማረ የሴት እጅ ጽሑፍ ደግሞ «ሞተች። ለእሷም ለቤተሰቧም የሚሻለው ይኼ ነው» የሚል ነበረበት። ይቺኛዋ ትንሽ ከበደችኝ፤ ግን አለፍኳት። በቀሩት ከደንበኞቼ ጋር ሆዳችንን ይዘን ነው የሳቅነው።

ሰሚራ የመጣችው ያን ጊዜ ነው።

ሰሚራ ከሱቄ ጀርባ በርበሬ የምትነግደው የነፊሳ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ጨርሳ ሰኔ ላይ መጥታ ነበር። ጓደኞቿ መስከረም ላይ ሲመለሱ እሷ ቀረች። እናቷ «ታይፎይድ ነው» አለችን። ኅዳርም ገባ፣ ታይፎይዱ አልወጣም። እኛም ጎረቤቶቿ ነን፤ እንኳን አምስት ወር የቆየ ታይፎይድ አንድ ቀን የቆየ እንግዳ አያመልጠንም። ግን ዝም አልን።

መጽሐፉን ወስዳ በማግስቱ መለሰችው። እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ሱቁ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነበርን።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? እነዚህ ከኋላ የጻፉት የዚህ ከተማ ሰዎች ናቸው?»

«ሁላችንም እዚሁ ነን!» አልኳት እየሳቅሁ። «የመጀመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አያምርም?»

አልሳቀችም። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ገለጠቻቸው። «ዘጠኝ ሰው ጨረሰላት» አለች። «አንድም ሰው ሐኪም ቤት አላስገባትም። በሩ ላይ እኮ ነበረች።»

ከቦርሳዋ ታጥፎ ታጥፎ እጥፋቱ ላይ የሳሳ ወረቀት አወጣችና ዘርግታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ከካምፓሷ ክሊኒክ የተጻፈ ነው። ወደ አእምሮ ሐኪም እንድትሄድ ይላል።

«ከሰኔ ጀምሮ ይዤው ነው የምዞረው። ለእማ አላሳየኋትም።»

«ምን ይሰማሻል የኔ ልጅ?»

«አልተኛም። ግድግዳው ውስጥ ሰዎች ስሜን እያነሱ ያወሩብኛል። እንደሌሉ አውቃለሁ፤ ግን እሰማቸዋለሁ።» «አሁን አሁን ደግሞ ጓሮ ያለው የውኃ ጉድጓድ ጋ እየሄድኩ እቆማለሁ። ለምን እንደምቆም አላውቅም። ትናንትም ቆሜ ነበር።»

አፌ የማይፈታው ነገር የለም የምባለዋ ሴትዮ «አይዞሽ፣ ያልፋል» ብቻ አልኳት። እሷም ወረቀቱን መልሳ ማጠፍ ጀመረች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔም ሁለተኛ ጊዜ ከበሩ እየመለስኳት ነው። እጇን ያዝኳት። «ነገ ሳይሆን ዛሬ እናትሽን አናግራታለሁ» አልኳት።

ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ነፊሳ በርበሬ ክምር መሃል ተቀምጣ የነቀዘውን እየለየች ነበር። እየሳልኩና እያስነጠስኩ ነገርኳት።

«ልጄ ታይፎይድ ነው ያመማት!»

«ነፊሳ፣ ወረቀቱን አይቼዋለሁ።»

«የምን ወረቀት? አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንሽው? አምስተኛ ክፍልን ሳትጨርሺ!»

ይቺ አመመችኝ፤ ግን ዋጥኳት። ጉድጓዱን ነገርኳት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ልትነሳ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ምን አንብባ ነው?» አለችኝ።

የመጽሐፉን ነገር ሳልደብቅ ነገርኳትና፣ ያን ዕለት ሰሚራን ከዓይኗ እንዳታጠፋት አስምዬያት ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ነፊሳ ልጇን ከኋላ አስከትላ ሱቄ ደረሰች። ገበያ ስለነበር መንገዱ ሰው በሰው ነው። መጽሐፉን ከመደርደሪያ አንስታ ወደ ላይ ከፍ አደረገችው። «ይኸው! ልጄን ያሳበዳት ይኼ ነው!»

ያን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ እሱንም የተናገረችው ገበያ መሃል ነው።

ሰው ተሰበሰበ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ አሁንም ደሜ ይፈላል። አንዷ «ይቃጠል» አለች። አንዱ «ድሮም ልብ ወለድ ለሴት ልጅ አይሆንም» አለ። ኑረዲን ባጃጁን አቁሞ «እኔም እኮ ካነበብኩት ወዲህ ራሴን ያመኛል» አለ። መምህር ጌታሁን ሳይቀሩ በሰው መሃል ሰንጥቀው መጡና፣ «የጎደለችው ቅጠል ብትኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ» አሉ። ስለ መጽሐፉ ያልተናገረ ሰው አልነበረም። ልጅቷ ደግሞ እዚያው፣ እናቷ ጀርባ ቆማለች። እንዴት አደርሽ ያላት እንኳ የለም።

«እማ» አለች ሰሚራ። ድምጿ ትንሽ ነበር፤ ግን ሁላችንም ሰማነው። «መጽሐፉን ያነበብኩት ከትናንት ወዲያ ነው። የታመምኩት ከአምና ጀምሮ ነው።»

ሰዉ አንድ በአንድ ገበያ እንደጠራው ሆኖ ተበተነ። መምህር ጌታሁን ብቻ ቆመው ቀሩና መነጽራቸውን ሲወለውሉ ቆዩ። «በሐኪም ቢታይ...» ብለው ጀምረው ሳይጨርሱት ሄዱ።

ነፊሳ የማታ ማታ እሺ አለች፤ ግን እዚህ አይሆንም አለች። ሕክምናው ቡታጅራ ውስጥ አለ፤ በእግራችን የምንደርስበት ነው። «እዚህ ማን የማያውቀን አለ? ልጄን ማን ያገባታል? ወልቂጤ ትታይ» አለች። ብለምናት ብለምናት አልሰማ አለች። ልጅቷ ትታከም እንጂ ብዬ እኔም ተስማማሁ፤ ሦስታችን ጎህ ሲቀድ ተነሳን።

ተራራውን ይዘን በአረቅጥ በኩል ነው የሄድነው። ጉሙ መንገዱን ውጦት ሚኒባሱ እየዳበሰ ይጓዛል። ነፊሳ ልጇን መስኮት አጠገብ እንዳትቀመጥ ከለከለቻት፤ ጉሙ ውስጥ ማን እንደሚያያት አላህ ይወቅ። አገና ከተማ ላይ አንድ የሚያውቃት በርበሬ ነጋዴ ገባ።

«አሰላሙ አለይኩም! ነፊሳ፣ ወዴት ነው በጠዋቱ?»

«ወአለይኩም ሰላም። ለቅሶ ነው» አለች ሳታስብ።

«ኢንና ሊላህ! የማን?»

ነፊሳ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። «የ... የአጎቴ» አለች።

ሰውዬው አዘነ። የሚኒባሱ ሰው ሁሉ ሰምቶ አዘነ። ፊት የተቀመጡ ሽማግሌ ዱዓ አደረጉልን፤ ረዳቱም ሙዚቃውን ዘጋልን። እኔም አንገቴን ደፍቼ «አሚን» አልኩ። በማያውቁት አጎት ሐዘንተኛ ሆነን ወልቂጤ ገባን። ሰሚራ በሻሿ አፏን ሸፍና ነበር፤ አለቀሰች ብዬ ሳይ እየሳቀች ነው። ከስንት ወር በኋላ ስትስቅ ማየቴ ነበር።

ሐኪም ቤቱ ስንደርስ ነፊሳ «እናንተ ተቀመጡ፣ ካርድ እኔ አወጣለሁ» ብላ መስኮቱ ጋ ሄደች። ከዚያ «ዙሁር ሰግጄ ልምጣ» ብላ ወጣች። እኔና ሰሚራ ከሰዉ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጥን።

ነርሷ ብቅ እያለች ስም ትጠራለች። አንድ ጊዜ «ከድጃ!» አለች። ማንም አልተነሳም። ደግማ «ከድጃ!» አለች። እኔ አጠገቤ ላለችው ሴት «ምነው ይቺ ከድጃ፣ ሰው ወረፋ አጥቶ እሷ ተኝታለች» አልኳት። ነርሷ ሦስተኛ ጠርታ ካርዱን ወደ ታች አደረገችው። ሌሎች ገቡ፣ ወጡ። ከእኛ በኋላ የመጡት ሁሉ ገቡ። አግዳሚው ላይ ሦስት ሰው ስንቀር ደሜ ፈላና ተነሳሁ።

«እህቴ፣ ከሩቅ አገር ነው የመጣነው። ለምን ነው የማንጠራው?»

«የታማሚዋ ስም?»

«ሰሚራ።»

ካርዶቹን አገላበጠችና፣ «በዚህ ስም ካርድ የለም» አለችኝ። ልጮህ አፌን ስከፍት ነፊሳ ከመስጊድ ደረሰች። ክንዴን ይዛ ጆሮዬ ላይ፣ «ከድጃ ብዬ ነው ያስመዘገብኳት» አለች።

«ምን?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ለገዛ ልጅሽ የሌላ ሰው ስም? ስትጠራ በምን ታውቅ?»

«ወረቀት ላይ እንዳይቀር ብዬ ነዋ! ነገ ሥራ ስትይዝ፣ ነገ ስታገባ...» ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ ክንዴን ከእጇ ሳስለቅቅ ሰሚራ ከአግዳሚው ተነሳች። በመካከላችን አለፈችና መስኮቱ ጋ ቆመች።

«ከድጃ የሚለው ካርድ የእኔ ነው» አለች። «ስሙ ተሳስቷል። ሰሚራ ነኝ። ከቡታጅራ ነው የመጣሁት።»

ጮክ ብላ ነው ያለችው። ኮሪደሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ነፊሳ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ሰው ምን ይል ይሆን ብዬ ዞር ዞር አልኩ። አንድ እግሩ በፋሻ የታሰረ ሰውዬ አየት አደረገንና ወደ ስልኩ ተመለሰ። አንዲት እናት ልጇን ታጠባለች። ከዚያ በቀር ቀና ያለ የለም። ያን ሁሉ ተራራ የተሻገርነው እንዲህ ካለ ሰው ለመደበቅ ነበር።

«እሱን ሳስተካክል ነው የምትገቢው፤ ትንሽ ቁጭ በይ» አለቻት መስኮቱ ውስጥ ያለችው የካርድ ክፍል ልጅ። ሰሚራ የመጨረሻ ሆና ገባች። ስትወጣ መድኃኒትና የቀጠሮ ወረቀት ይዛ ነበር። በዚያ ወረቀት ላይ ያለው ስም የራሷ ነው።

ዳነች ብዬ ብዘጋው ደስ ባለኝ። እኔም እንዲህ ያለ መጨረሻ እወድ ነበር። ግን እውነቱ እንደሱ አይደለም። የመጀመሪያው መድኃኒት እንቅልፍ በእንቅልፍ አደረጋትና ነፊሳ ልታስጥላት ስትል ስንት ቀን ተጨቃጨቅን። ሐኪሙ ለወጠላት። ደህና የምትሆንበት ሳምንት አለ፤ ከአልጋ የማትወርድበትም አለ። ጉድጓዱ ተከድኖ ተቆልፏል። ትምህርቷን ገና አልቀጠለችም። እናቷ ዛሬም ለጠየቃት ሰው የምትመልሰው «ጨጓራ ነው» እያለች ነው። መጽሐፉም አለ። የለጠፍኳቸውን አራት ቅጠሎች ቀድጄ ስለጣልኳቸው የኮላው ምልክት ቀርቷል፤ መምህር ጌታሁን አዩትና «አላልኩዎትም?» አሉኝ። መመለስ ሰልችቶኝ ደብተር መደርደሬን ቀጠልኩ።

ባለፈው ወር ሰሚራ መጽሐፍ ልትመርጥ መጣች። ሱቁ ውስጥ ሌሎች ሦስት ሰዎች ነበሩ። ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩና ቀስ ብዬ፣ «መድኃኒቱን ወሰድሽ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ለምን ትንሾካሾኪያለሽ እትዬ? ጉንፋን የያዘኝ ጊዜ እኮ ‹ዝንጅብል ጠጪ!› እያልሽ እስከ ማዶ ነው የጮህሽው።»

ልክ ናት። በእናቷ የምናደድ፣ በመምህሩ የምናደድ፣ በከተማው ሁሉ የምናደድ ሴት ነኝ፤ ድምፄን ዝቅ ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ።

እንደገና ጠየቅኋት፤ አሁን እንደ ዝንጅብሉ። ድምፄ ሻክሮ ወጣ። ሦስቱም ዞሩ።

«ወስጃለሁ» አለችና መጽሐፍ መምረጧን ቀጠለች።

ሰዎቹም ወደየጉዳያቸው ተመለሱ። በእፍረት የጋለው የእኔ ፊት ብቻ ነበር፤ እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ።